የአጎቴ ባሕር ዛፎች ከዘመድ ግብር ነጻ የወጡበት ዘዴ

ሻያችሁ ሳይቀዘቅዝ እጨርሳለሁ ብዬ አልዋሽም። ይቀዘቅዛል። ግን ሁለተኛ ሻይ ብታዙለትም የማትቆጩበት ወሬ ነው የያዝኩት። ስለ ጡረታ ነው። ቆይ፣ አትነሱ። ጡረታ ሲባል ወጣቱ «ገና ነኝ» ይላል፣ ሽማግሌው «አለፈኝ» ይላል፤ የሚሰማ ሰው ይጠፋል። እኔ ደግሞ ሰሚ ሲጠፋ ነው የሚብስብኝ።

መጀመሪያ ማን እንደሆንኩ ልንገራችሁ። ቡራዩ ስልክ እጠግናለሁ። ኮሌጅ አልገባሁም። የማውቀውን ሁሉ ያወቅኩት ከተሰበረ ስልክ ነው። ስክሪን ከቀየርኩ በኋላ መሥራቱን ለማየት አንድ ቪዲዮ እከፍታለሁ። ቪዲዮው ሳያልቅ ስልክ አልመልስም። እንዲህ እያልኩ ስለ ንብ እርባታ፣ ስለ ኩላሊት፣ ስለ ጃፓን ባቡር ተምሬአለሁ። ደንበኞቼም ትዕግሥትን ተምረዋል።

የተማርኩትን ለራሴ ብቻ መያዝ አልችልም፤ ችግሬ እሱ ነው። ቤተሰቡ ውስጥ ስሜ «ሬዲዮ» ነው። ያወጣችልኝ የእናቴ እህት፣ አክስቴ ጫልቱ ናት። አንድ ቀን ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ሳለ፣ ሰው ሁሉ ሲሰማ፣ «ይሄ ሬዲዮ ማጥፊያ የለውም እንዴ?» አለች። ምን አድርጌ መሰላችሁ? ለሟች ወንድም ልብ እንዴት እንደምትቆም እያስረዳሁት ነበር። በቅን ልቦና ነው ያደረግኩት።

ታዲያ አንድ ደንበኛ ስልክ ላይ ክራቫት ያሰረ ሰውዬ ነጭ ሰሌዳ ፊት ቆሞ አገኘሁ። የሚያወራው አሜሪካኖች ለእርጅናቸው ስለሚቆጥቡት ገንዘብ ነው። እዚያ ሁለት ዓይነት የቁጠባ ሒሳብ አለ። አንደኛው የቆየው ነው። ስታስቀምጡ ግብር አትከፍሉም፤ ሸምግላችሁ ስታወጡ ግን ካወጣችሁት ላይ መንግሥት ድርሻውን ያነሳል። ሁለተኛው የዚህ ተገላቢጦሽ ነው። ግብሩን ዛሬ ትከፍላላችሁ። ከዚያ በኋላ ገንዘቡ ቢወልድ፣ ቢዋለድ፣ የልጅ ልጅ ቢያይ፣ ደንቡን ጠብቃችሁ በእርጅናችሁ ስታወጡት «ድርሻዬስ?» የሚል የለም። ሰውዬው የሚመክረው ታዲያ ከአንደኛው ወደ ሁለተኛው ማዛወርን ነው። ባዛወራችሁት ልክ የዚያን ዓመት ግብር ትከፍላላችሁ፣ ትገላገላላችሁ። በተለይ ሒሳቡ ገና ትንሽ ሳለ ብታዛውሩት ግብሩም ትንሽ ነው።

አልገባችሁም? እኔም መጀመሪያ አልገባኝም። ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ ይባል የለ። ቀራጭ በር ላይ ቆሞ «ወይ ዛሬ ጥጃዋን ልቅረጥ፣ ወይ ነገ ላሟን ልቅረጥ» ቢላችሁ የቱን ትመርጣላችሁ? ጥጃዋን ነዋ። ላም ከሆነች ወዲያ ወተቷንም፣ ልጆቿንም፣ ኩበቷንም ይቆጥርባችኋል። አለቀ። ክራቫቱ ሰውዬ ስንት ሰሌዳ የደመሰሰበት ነገር ይኼው ነው።

በዚያው ዕለት ከአስኮ ወደ ቡራዩ ስሄድ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ ለተቀመጠች ሴትዮ አስረዳኋት። እሷ እንዲገባት ምሳሌውን ወደ ታክሲ ለወጥኩት። «አየሽ እህቴ፣ ስትገቢ ከከፈልሽ ሒሳቡ የታወቀ ነው። መውረጃዬ ላይ እከፍላለሁ ካልሽ ግን መንገድ ተዘጋጋ፣ ዝናብ ጣለ፣ ረዳቱ ጨምሩ ይላል።» በጥሞና ሰማችኝ። ከዚያ ወደ ረዳቱ ዞራ፣ «የዚህን ልጅ ሒሳብ ተቀበለው፤ ሲገባ አልከፈለም» አለችው።

የክፍሌ ጎረቤት የነበረው ታምራት ደግሞ ከወላይታ የመጣ ግንበኛ ነው። እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ይዘምራል። ሲሚንቶውን እየታጠበ ሰማኝና፣ «ይሄማ አስራት ነው» አለኝ። «መጀመሪያ ለጌታ ታወጣለህ፣ የቀረው ይባረካል። አሜሪካኖች ገና አሁን ነው የደረሱበት?»

እንግዲህ በእኛ አገር እንዲህ ያለ ሒሳብ እኔ እስከማውቀው የለም። ደመወዝተኛው ጡረታ አለው። አንዳንድ የግል ድርጅት ደግሞ ፕሮቪደንት ፈንድ ይይዛል፤ ሥራ ስትለቁ ባንድ ጊዜ የሚሰጣችሁ። የቀረው ሕዝብ ጡረታው በግ ነው፣ ላም ነው፣ ልጅ ነው። ሱሉልታ ከሆነ ደግሞ ባሕር ዛፍ ነው። የሱሉልታን ሰው «ጡረታህ የት አለ?» ብትሉት በአገጩ ተራራውን ያሳያችኋል።

አጎቴ ኦቦ ቶሎሳም በአገጫቸው ነው የሚያሳዩት። የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። «ኤሱማ» ነው የምላቸው፤ በኦሮምኛ የእናት ወንድም ማለት ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰበታ አንድ ፋብሪካ በር ላይ ጥበቃ ሆነው ሠሩ። ሲለቁ ፕሮቪደንት ፈንዳቸውን ባንድ ጊዜ ተቀበሉና ወደ ሱሉልታ፣ ወደ ግቢያቸው ተመለሱ።

የዚያ ገንዘብ ነገር ለብቻው ወግ ይወጣዋል። ኤሱማ ቦርሳቸውን እንኳ ሳያወርዱ ዘመድ «እንኳን ደስ ያለህ» ሊል መጣ። የአንዱ ጣሪያ ወርዷል። የአንዱ ባጃጅ ጎማ ጨርሷል። የአንዷ ልጅ ልትዳር ነው። በአንድ የድንበር ጠብ ተቀያይሞ መንገድ የሚለውጥ የነበረ የአጎታቸው ልጅ ሳይቀር እርቅ ፈልጎ መጣ። እርቅ ደግሞ ባዶ እጅ አይሆንም። ሁሉም በላ፣ መረቀ፣ ሄደ። ኤሱማ ዛሬም ሲያነሱት እንዲህ ይላሉ፦ «የመንግሥት ግብር ተመን አለው። የዘመድ ተመን የለውም። ዘመድ ገንዘብ አይጠይቅህም፤ ችግሩን ይነግርህና ዝም ይላል። የቀረውን አንተው ራስህ ትጨርሰዋለህ።»

ከዚያ በተረፈችው ብር ተራራው ሥር ያለችውን መሬት አጥረው ባሕር ዛፍ ተከሉ። አሳባቸው ግልጽ ነበር። ዛፉ ይደርሳል፣ ይሸጣል፣ በዋጋው ከግቢያቸው ጀርባ ሁለት ክፍል ይሠራል። ክፍሎቹን የፋብሪካ ሠራተኛ ይከራያቸዋል። በኪራዩ ኤሱማ ይጦራሉ።

ይህ ካልሆነስ? ኮዬ ፈጬ አለ። ልጃቸው ገዲሳ እዚያ ኮንዶሚኒየም ይኖራል፤ አራተኛ ፎቅ ላይ። ጥሩ ልጅ ነው። እናቱ ካረፉ ወዲህ «አባ፣ ብቻዎን አይሆኑም፣ እኛ ጋ ይምጡ» ማለቱን አላቆመም። ኤሱማ አንድ ጊዜ ሄደው አይተውታል። ጉልበታቸው ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቀረ፣ እሳቸው ብቻ አራተኛው ደረሱ። ሲመለሱ፣ «ጥሩ ቤት ነው» አሉኝ። «ግን ከዚያ ላይ ሆነህ አላፊ አግዳሚውን ሰላም ልትለው አትችልም። ሰው ከላይ ሲታይ ባርኔጣ ብቻ ነው።»

ስለዚህ ጉዳዩ ይኼ ነው። ዛፎቹ ሲቆረጡ ዘመድ እንደ በፊቱ ከገባባቸው ክፍል የለም፤ ክፍል ከሌለ ኪራይ የለም፤ ኪራይ ከሌለ አራተኛ ፎቅ ነው።

እኔም የክራቫቱን ሰውዬ ትምህርት ይዤ በእሁድ ሱሉልታ ወጣሁ። ኤሱማ አጥር ሥር ተቀምጠው የፍየል ኮቴ የረገጠውን ችግኝ እያቃኑ ነበር።

«አካም ጅርቱ ኤሱማ? ዛፎቹ አሁን ምን ያህል ሆኑ?» አልኳቸው።

«ጣት ያክላሉ። ያንተን ጣት አይደለም፤ የሠራተኛ ጣት።»

«ሲቆረጡ ማን ማን ይመጣል?»

«ማን ይቀራል ብለህ ጠይቀኝ፤ እሱ ይቀላል።»

አስረዳኋቸው። ስለ ሁለቱ ሒሳብ፣ ስለ ጥጃዋ፣ ስለ ሚኒባሱ። የሴትየዋን ነገር ዘለልኩት። ዘመድ የሚቀርጠው ያየውን ነው አልኳቸው። ዛሬ ቢጠራ የሚያየው ጭራሮ ነው። ድርሻውን በጭራሮ ልክ ሰጥቶ፣ በሽማግሌ ፊት አስምሎ ማሰናበት ነው። ነገ ጭራሮው አጣና ሲሆን ግብሩ ቀድሞ ተከፍሏል።

ኤሱማ ሌላ ችግኝ አቃኑ። ከዚያ፣ «ማለት፣ ዛሬ በግ ላብላቸውና ነገ እንዳይመጡ ነው?» አሉ።

«በግ አይበሉት ኤሱማ፤ ግብር ነው።»

«ግብሩ ይጮሃል?»

«አዎ… ይጮሃል።»

«እንግዲያው በግ ነው።»

ግን ተስማሙ። እንዲያውም ከእኔ በላይ ደስ አላቸው። ዘበኛ የነበረ ሰው ሌባን በር ላይ መመለስ ይወዳል።

ዘመድ ተጠራ። ከሰበታ እናቴ መጣች። ከቡራዩ አክስቴ ጫልቱ ልጇን ሲፈንን አስከትላ መጣች። ገዲሳ ከኮዬ ፈጬ ሁለት ታክሲ ቀይሮ ደረሰ። ከወደ ተራራው እነማን እንደመጡ እኔም አላውቃቸውም፤ እነሱ ግን «ጠፋህ» አሉኝ። ሽማግሌ ደግሞ ጎረቤታቸው ኦቦ ሁንዴ ነበሩ። ወገባቸው ጎብጧል፣ ድምፃቸው ግን ለሦስት መንደር ይበቃል።

በጉ ቀረበ። ኤሱማ ሰው እጁን ከመስደዱ በፊት ተነስተው ቆሙ። «ዛሬ የምትበሉት ከእነዚህ ዛፎች ያላችሁን ድርሻ ነው» አሉ። «ሲቆረጡ ገንዘብ የሚጠይቀኝ የለም። ችግሩን የሚነግረኝም የለም። የተስማማ ሥጋውን ይብላ። ያልተስማማ ሽሮ አለ።»

አክስቴ ጫልቱ መጀመሪያ ጣት የሚያክሉትን ዛፎች አየች። ቀጥላ በጉን አየች። «ለዚህ ጭራሮ ነው በግ ያረድከው? ቶሎሳ፣ ፀሐይ መቶሃል?» አለች። ዘመድ ሁሉ ሳቀ። አንዳንዶቹ ኤሱማ የተበለጡ መስሏቸው አዘኑላቸው። ሽሮውን የነካ አልነበረም። እኔ በልቤ እንዴት እንደኮራሁ። ሒሳቡ ትንሽ ሳለ ማዛወር ማለት ይኼ አይደል?

ተበላ፤ ውሉ ጸና። ክራቫቱ ሰውዬ ቢኖር ሰሌዳውን ደምስሶ ይሄድ ነበር። እኛ ዘንድ ግን ከውል በኋላ አንድ ነገር ይቀራል። ምርቃት።

ምርቃት ታውቃላችሁ። ሽማግሌው ይናገራል፣ ሌላው አሜን ይላል። መሃል ላይ እጅ አውጥቶ «ይቅርታ፣ ሦስተኛዋን ዓረፍተ ነገር ብናሻሽላት» የሚል ሰው ተፈጥሮ አያውቅም። ምርቃት አይታረምም፤ አሜን ያለውም አይመልሰውም።

ኦቦ ሁንዴ የበግ ጮማ ያወዛቸውን እጆች ዘረጉ።

«ዛፉ ይደግ።»

«አሜን።»

«ፍየል አይድረስበት፣ መጋዝ ያለ ጊዜው አያግኘው።»

«አሜን።»

«ቶሎሳ ቆርጦ ይሸጠው፣ ቤት ይሥራበት።»

«አሜን።» የኤሱማ አሜን ከሁላችንም በላይ ተሰማ።

«ከዚህ ዛፍ የሚሠራ ቤት በሩ ለዘመድ አይዘጋ።»

«አሜን» አልን ሁላችን። ኤሱማም አሉ። አፋቸው ከለመደው ሮጦ ነው ያለው። ከአፋቸው ከወጣ በኋላ ነው ጆሯቸው የሰማው። ዓይናቸው ሰው መሃል እኔን ፈልጎ አገኘኝ። ምን ልበላቸው? ቪዲዮው ላይ ምርቃት አልነበረም።

ያኔ ግን ነገሩን ብዙም አላከበድነውም። ይመረቃል፣ ይረሳል አልን። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባለው ለካ ለእኛ ነው።

መጀመሪያ የተለወጠው ስልኩ ነው። ከዚያ ድግስ ወዲህ ዘመድ ለኤሱማ ሲደውል ከሰላምታው ቀጥሎ «ዛፋችን እንዴት ነው?» ማለት ጀመረ። ዛፋችን። ከተራራው የሚወርዱት ዘመዶች በዚያ ሲያልፉ ፍየል ያባርራሉ። አንዱ ሌሊት እንጨት የሚቆርጥ ሰው አይቶ ጮኾ መንደሩን ቀሰቀሰ። ሰውየው የራሱን ዛፍ የሚቆርጥ ጎረቤት ሆኖ ተገኘ እንጂ ጥበቃውስ ጥበቃ ነበር። ኤሱማ ጥርጣሬ ገባቸው። «ግብሩን የተቀበለ ሰው ምን ያመላልሰዋል?» ይሉኛል። እኔ ደግሞ፣ «ደንበኛ ሲረካ እንዲህ ነው» እያልኩ አስረዳቸዋለሁ።

ዓመታት አለፉና ዛፎቹ ደረሱ። ለሕንጻ መወጣጫ አጣና የሚያቀርብ ነጋዴ ከወደ ገላን አይሱዙ ይዞ መጣ። ኤሱማ የቆረጣውን ቀን ለማንም አልተናገሩም ነበር፤ ለእኔ ብቻ። እኔም ለእናቴ ብቻ ነው የተናገርኩት።

በነጋታው ዘመድ ሁሉ መጣ።

ኤሱማ አጥራቸው ላይ ሆነው ሲያዩት ፊታቸው አመድ መሰለ። አራተኛው ፎቅ ከእነ ደረጃው ሲመጣባቸው ታያቸው። እኔ ግን ዘመዱ መጥረቢያ መያዙን አየሁ። ለደቦ ነው የመጣው። ቆረጡ፣ ላጡ፣ ተሸከሙ፣ ከነጋዴው ጋር ተከራከሩ። አክስቴ ጫልቱ ብቻዋን ነጋዴውን አስለቅሳ ዋጋ አስጨመረችው። ሲመሽ ሁሉም ልብሱን አራገፈ። ኤሱማ ትንፋሻቸውን ይዘው ጠበቁ።

ማንም ገንዘብ አልጠየቀም። ማንም ችግሩን አልተናገረም። «በሉ፣ ደህና እደሩ» አሉና ሄዱ። ጫልቱ ብቻ ዞር ብላ፣ «የሚሠራው ክፍል በሩ ወዴት ይሆናል?» አለች።

«ወደ ፀሐይ መውጫ» አሉ ኤሱማ።

«ጥሩ። ብርድ አይገባውም» አለችና ሄደች።

ያን ሰሞን የነበርኩትን ኩራት አትጠይቁኝ። ስልክ ሊያሠራ የመጣውን ሁሉ ስለ ጡረታ አስረዳሁት። ኤሱማም በፊናቸው ባገኙት ሰው ፊት፣ «ዛፎቼ እኔን ቀድመው አራተኛ ፎቅ ወጡልኝ፤ እኔ እዚሁ ነኝ» እያሉ ይስቁ ነበር። ደህና ደህናዎቹን አጣናዎች ለጣሪያ አስቀርተው፣ ብሎኬት ገዝተው፣ ቆርቆሮ አልብሰው ሁለቱን ክፍሎች አቆሙ። አጥሩ ላይ «የሚከራይ ክፍል አለ» የሚል ቆርቆሮ ለመስቀል ቀለም ስንገዛ አንድ ባጃጅ በር ላይ ቆመ። ላዩ ላይ ፍራሽ ታስሯል። ከውስጡ አክስቴ ጫልቱና ሲፈን ወረዱ።

ሲፈን ሱሉልታ የውኃ ፋብሪካ ሥራ አግኝታለች። ከቡራዩ መመላለስ አይሆንላትም።

ኤሱማ አጥር ጀርባ ሳቡኝ። «ያ ጉርባ» አሉኝ፤ ሲቆጡ ኦሮምኛው ይቀድማቸዋል፣ አንተ ልጅ ማለታቸው ነው። «ቪዲዮህን እንደገና እየው። ፍራሽ ይዛ ስለምትመጣ እህት ምን ይላል?»

ወደ አክስቴ ሄድኩ። እንደ እናቴ አንቺ የምላት ሴት ናት፤ ይገባታል ብዬ ነው። «አክስቴ፣ ድርሻችሁን በልታችሁ አልነበር?» አልኳት።

«ገንዘብ ጠየቅሁ?»

«አልጠየቅሽም።»

«ችግር ተናገርኩ?»

«አልተናገርሽም።»

«ይሄ ቤት ጣሪያው ከምን ተሠራ?»

«ከዛፎቹ።»

«ኦቦ ሁንዴ በሩ ለዘመድ አይዘጋ ሲሉ አሜን ያለው ማን ነው?»

«ሁላችንም።»

«ቶሎሳስ?»

ዓይኔን ወደ ፍራሹ አዞርኩ።

«ቶሎሳስ?»

«ብለዋል።»

«እንግዲህ ሬዲዮ፣ ዜናው አልቋል» አለችና ፍራሹን አስገባች።

ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ። ግን አሁንም ሁለተኛው ክፍል ነበር። ኤሱማን አጽናናኋቸው። የአንዱ ክፍል ኪራይ ጠንቀቅ ብለው ከያዙት ያኖራል፤ አራተኛ ፎቅ አይወስድም አልኳቸው። እውነትም ከደቡብ የመጡ ባልና ሚስት፣ ሁለቱም ፋብሪካ የሚሠሩ፣ ክፍሉን አይተው ወደዱት። ኤሱማ «ሰኞ ኑ» አሏቸው።

ሰኞ ግን ሲመጡ ክፍሉ ተይዟል።

ማን ያዘው አላችሁኝ?

ቆይ፣ መጀመሪያ ሁኔታውን ላስረዳችሁ። በዚያው ሳምንት የቡራዩ አከራዬ ኪራይ ጨመሩብኝ። ጭማሪው ስልክ ጠግኖ የሚከፈል ዓይነት አልነበረም። እኔ ኤሱማን አልጠየቅሁም፤ ይህ ይሰመርበት። ለእናቴ ችግሬን ነገርኳትና ዝም አልኩ። እናቴ ከሰበታ ለወንድሟ ደወለች። «ክፍሉ በማን ምክር ተሠራ? የጫልቱ ልጅ ገብታ የእኔ ልጅ ደጅ ይደር?» አለችው አሉ። የቀረውን ኤሱማ ራሳቸው ጨረሱት። ባልና ሚስቱን ይቅርታ ጠይቀው ሸኟቸው። እኔም እሁድ ማታ ፍራሼን ይዤ ገባሁ። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ።

እንግዲህ ኪራይ የሚባል ነገር ቀረ። ወሬው ኮዬ ፈጬ ደረሰና ገዲሳ የተከራየ ፒካፕ ይዞ መጣ። ኤሱማ ደፍ ላይ ተቀምጠው ነበር።

«አባ፣ ዛፉ አለቀ» አለ ገዲሳ። «ክፍሉ በነጻ ተያዘ። ከእንግዲህ በምን ይኖራሉ? ይነሱ፣ እንሂድ።»

ኤሱማ አላዩትም። «ሲፈን፣ ዱቄቱ ደረሰ?» አሉ።

«ዛሬ ከደመወዜ ገዛሁ ኤሱማ፤ ዘይቱንም» አለች ከውስጥ።

«ያ ጉርባ፣ ውኃውስ?»

ከቦኖ ጄሪካን ተሸክሜ በበሩ እየገባሁ ነበር። «ኤዬ፣ መጣ» አልኩ። የቆጣሪውን መብራትም እኔ ነኝ የምሞላው፤ ይህን ግን ማንም አልጠየቀኝም።

ኤሱማ አሁን ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ኪራይ ብቀበል ኖሮ በኪራዩ ምን እገዛ ነበር? ዱቄት፣ ዘይት፣ ውኃ የሚቀዳልኝ ጉልበት። ገንዘቡ በእጄ ቢያልፍ ዘመድ ያየዋል፣ ካየው ይመጣል። አሁን ግን ዘመዱ ራሱ ውስጥ ነው ያለው። ማንን ነው የሚቀርጠው?» ከዚያ እኔን በአገጫቸው አሳዩት። «ይሄ ልጅ ስንት ዓመት ሲያስረዳኝ አልገባኝም ነበር። ከግብር ነጻ ማለት ይኼ ነው።»

ገዲሳ ገብቶ ተቀመጠ። ምሳ በላ። ከምሳ በኋላ ወደ ዛፎቹ ቦታ ወርዶ ጉቶዎቹን ዞሮ አያቸው። ባሕር ዛፍ ተቆርጦ አይሞትም፤ ከየጉቶው ቁጥቋጦ ተነስቷል፤ ጣት ያክላል። ሲመለስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እነዚህ ደግሞ ስንት ዓመት ይፈጅባቸዋል? ባለቤቴን ደረጃው ሰልችቷታል» አለኝ። ፒካፑ ባዶውን ሄደ።

እኔስ? ክፍሉ ጥሩ ነው። ፀሐይ ይገባዋል። ኪራይ አልከፍልም ማለት ግን አይደለም። ለኤሱማ አንድ ያረጀ ስልክ ጠግኜ ሰጥቻቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ ከእራት በኋላ ቪዲዮ ያያሉ፣ አይተው ሲያበቁ ያስረዱኛል። ትናንት ስለ ንብ እርባታ ነበር። አውቀዋለሁ ልል አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። ኪራይ ነዋ። ሲፈን ቀድማ «ነገ ማለዳ ፈረቃ ገቢ ነኝ» ብላ ትተኛለች፤ ሙሉውን የምከፍለው እኔ ነኝ። ስንት ዓመት ሙሉ ሰው ይዤ ሳስረዳ ማዳመጥ እንዲህ ውድ መሆኑን የነገረኝ አልነበረም።

በሉ ተነሱ፣ ሂዱና ሞክሩት። ዛፍ ከሌላችሁ ላም ይሆናል፣ ላም ከሌላችሁ በቁጥቋጦ ጀምሩ። ሒሳቡ ትንሽ ሳለ ዘመድ ጥሩ፣ በጉ ግን የማያሳፍር ይሁን። አንዲት ነገር ብቻ አትርሱ። የዛፉ ባለቤት እናንተ ከሆናችሁ ሽማግሌው ከውሉ በፊት ይመርቁ። ክፍል የምትፈልጉት እናንተ ከሆናችሁ ደግሞ ምርቃቱን ለመጨረሻ ተዉትና አሜን ስትሉ ድምፃችሁን ከፍ አድርጉ።